ሚዛኑ አጠገብ ማን ይቁም?



ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ዓምድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ ኳስ ልናወራ ነው። «ምነው፣ ወግ ጠፋ እንዴ?» የሚል ወላጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም ልጁ ቅዳሜና እሑድ የት እንደሚውል፣ ማንን እንደሚያደንቅና በማን እንደሚናደድ የሚያውቅ ወላጅ እንዲህ አይልም። ደግሞም የዛሬው ጉዳይ ከኳሱ ይልቅ ስለ አማና ነው። ታግሣችሁ አንብቡኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. በረመዷን ወር፣ ባሌ ሮቤ ላይ ነው። እህቴ ዘንድ እንግዳ ሆኜ ሰንብቼ ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን፣ ዕለቱ እሑድ፣ ጾም ከያዝን ስድስተኛው ቀን ነበር። የእህቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ሄዶ አርሴናል ከፉልሃም ሲጫወት አይቶ መጣ። ጨዋታው ያለቀው አንድ ለአንድ ነው። የአርሴናል የአቻነት ጎል የገባው በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ ስለነበር ልጁ ጾሙንም ድካሙንም ረስቶ እየፈነጠዘ ነበር ወደ ቤት የገባው።

ለሱሑር ስንነሣ ግን ፊቱ ሌላ ነበር። ጩኮው ቀርቧል፣ ሻዩ ተቀድቷል፤ እርሱ ግን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀርቷል።

«አጎቴ፣ ሸጡን እኮ!» አለኝ።

«ማን ነው የሸጣችሁ?»

«ባለቤቶቹ!»

የልጁ አያት ሐጂ ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ሲናና በኩል ስንዴ የሚያርሱ፣ ነገር በአጭሩ የሚወዱ ሰው ናቸው። «ምን ሆኖ ነው ይህ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከልጁ ስልክ ላይ እያነበብኩ እንደገባኝ ነገርኳቸው።

በዚያ ሌሊት 12 የአውሮፓ ክለቦች ከነባሩ የአህጉሪቱ ውድድር ተለይተው «ሱፐር ሊግ» የሚባል የራሳቸውን ውድድር ማቋቋማቸውን አስታውቀው ነበር። ከእንግሊዝ አርሴናል፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል፣ ማንችስተር ሲቲ፣ ማንችስተር ዩናይትድና ቶተንሃም፤ ከስፔን ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎናና አትሌቲኮ ማድሪድ፤ ከጣሊያን ጁቬንቱስ፣ ኤ.ሲ. ሚላንና ኢንተር ሚላን ናቸው። ሊቀመንበሩ የሪያል ማድሪዱ ፍሎረንቲኖ ፔሬዝ ነበሩ። ጄ.ፒ. ሞርጋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ ገንዘብ ሊያቀርብ ተስማምቷል፤ መሥራቾቹ ገና ሲጀምሩ 3.5 ቢሊዮን ዩሮ ሊከፋፈሉ ታስቧል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፦ ከሚወዳደሩት 20 ክለቦች ውስጥ 15ቱ ቋሚ ናቸው። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ከቦታቸው የሚያወርዳቸው የለም።

ሐጂ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «የተሸነፈ የማይወርድ ከሆነ ለምንድን ነው የሚጫወቱት?» አሉ።

ልጁ ሳቀ። «ለገንዘብ ነዋ ሐጂ!»

ብዙ የኳስ ተንታኝ በሁለት ቀን ሙሉ ያወራውን ሐጂ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። የኳስ ውድድር ጣዕሙ ትንሹ ትልቁን ሊጥል፣ ትልቁም ሊወድቅ መቻሉ ነው። በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ ውድድሩ የሀብታሞች ግብዣ ይሆናል። ደጅ የቆመው ደግሞ ትኬት እየገዛ የሚያጨበጭብ ተመልካች ብቻ ነው።

ልጁ ግን ቁጣው አልበረደም። «እነዚህ ሀብታሞች ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንዳቸውም አይታመኑም» አለ። ሐጂ ይህን አልወደዱትም። ሻያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦

«አንተ ልጅ፣ መኸር ሲደርስ ባለኮምባይነሩ ማሳችን ላይ ሲመጣ አላየህም?»

«አይቻለሁ ሐጂ።»

«ሰውየው ሀብታም ነው። የእርሱ አንድ ኮምባይነር ዋጋው ከእኔ የስንት ዓመት ምርት ይበልጣል። ሀብቱ ግን አያስቀናኝም፣ አላህ የሰጠው ነው። ሌባ ነውም አልለውም። ብቻ ሲያጭድ እኔ ሚዛኑ አጠገብ እቆማለሁ። ሒሳቡ በኩንታል ነውና የእርሱ ሰው ይቆጥራል፣ እኔም እቆጥራለሁ። ማታ ቁጥራችን ከገጠመ ተመራርቀን እንለያያለን። አንድ ቀን ‹ሐጂ፣ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ፣ እኔ ቆጥሬ እነግርዎታለሁ› ቢለኝ ግን፣ ያኔም ሌባ ነው አልልም፤ ማሳዬ ውስጥ ግን አላስገባውም።»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ ኳስ ባለሀብቶች ባሰብኩ ቁጥር ይህ የሐጂ ሚዛን ፊቴ ድቅን ይላል። ለመሆኑ በዓለም ላይ ያለው የኳስ ደጋፊ ባለሀብቶችን የሚጠረጥረው ሀብታም ስለሆኑ ነውን? አይደለም። ሚዛኑ አጠገብ አትቁም ስላሉት ነው።

የልጁን ክለብ አርሴናልን እንመልከት። ክለቡ አክሲዮን ማኅበር ነበር። ከትልልቆቹ ባለድርሻዎች ሌላ አንድ ወይም ሁለት አክሲዮን ብቻ የያዙ ተራ ደጋፊዎችም ነበሩበት። ያቺን ድርሻ የያዙት ለትርፍ ብለው አልነበረም። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ይህን ያህል ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ለመጠየቅ መብት ስለምትሰጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊው ባለሀብት ስታን ክሮንኬ ቀሪውን ድርሻ ሲጠቀልሉ እነዚህ ትንንሽ ባለድርሻዎችም በአገሩ ሕግ መሠረት ለመሸጥ ተገደዱ። ገንዘባቸው ተከፍሏቸዋል፤ አልተዘረፉም። የጠፋባቸው የመጠየቅ መብታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ክለባቸው ሱፐር ሊግ መግባቱን እንደ ሮቤው ልጅ እነርሱም ከዜና ሰሙት።

ማንችስተር ዩናይትድም እንዲሁ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2005 ክለቡን ሲገዛ ከግዢው ገንዘብ ብዙው ብድር ነበር፤ ብድሩም በራሱ በክለቡ ላይ ተጫነ። ዕዳ ያልነበረበት ክለብ በተገዛ ማግሥት ባለዕዳ ሆነ። አንዳንድ ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ተለይተው «ኤፍ.ሲ. ዩናይትድ ኦፍ ማንችስተር» የተባለ በአባላት የሚመራ ትንሽ ክለብ አቋቋሙ። የቀሩትም ቂማቸውን አልረሱም። ሱፐር ሊጉ በታወጀ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ውስጥ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ሱፐር ሊጉ ራሱ ግን ሁለት ቀን እንኳ በወጉ አልቆመም። ማክሰኞ ማታ የቼልሲ ደጋፊዎች ከስታዲየማቸው ፊት ለፊት መንገድ ዘግተው ተቃወሙ። በዚያው ሌሊት ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች መውጣታቸውን አስታወቁ። አርሴናል ለደጋፊዎቹ በጻፈው ደብዳቤ ስሕተት መሥራቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ባየርን ሙኒክና ቦሩስያ ዶርትሙንድ ከመጀመሪያውም አልገቡበትም ነበር። በጀርመን ከጥቂት ክለቦች በስተቀር ከግማሽ በላይ የሆነው የድምፅ መብት በክለቡ አባላት እጅ እንዲቆይ ደንቡ ያስገድዳል። እዚያ አባሉ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል ማለት ነው። እንግሊዞችም በበኩላቸው ጉዳዩን አጥንተው፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ክለቦችን የሚቆጣጠር፣ እንዲህ ያለ የመገንጠል ውድድር ውስጥ እንዳይገቡም የሚከለክል ነፃ አካል በሕግ አቋቁመዋል።

ሀብታም ሁሉ የተጠላ እንዳይመስላችሁ። የታይላንዱ ባለሀብት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ሌስተር ሲቲን ገዝተው፣ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ፤ በ2016 ደግሞ ዋንጫ በላ። ሰውየው በ2018 በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞቱ ከተማው በሙሉ አለቀሰ። ይኸው ክለብ በ2023 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። መውጣትም መውረድም ያለበት ውድድር ይህ ነው። ሌስተር ዋንጫ የበላው በሩ ክፍት ስለነበር ነው፤ የወረደውም በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።

እስቲ አሁን ከለንደን ወደ አገራችን እንመለስ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ የሮቤ ልጅ ስለ አርሴናል ባለቤት ቢቆጣ የሚሰማው የለም። የአገሩ ኳስ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ጠይቆ ያውቃልን?

በእኛ አገር ቡድን የሚገዛ ቢሊየነር እምብዛም የለም። ክለቦቻችን በአብዛኛው ወይ የመንግሥት ድርጅት ናቸው፣ ወይ የከተማ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና መቻል የመሥሪያ ቤት ክለቦች ናቸው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ የከተማ ናቸው። ፋሲል ከነማ ላይ ያለው «ከነማ» የሚለው ቃል ራሱ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የመጣ ምህፃረ ቃል ነው። ልብ በሉ፤ ስሙ ባለቤቱን ይናገራል። ባለቤቱ ነዋሪው ነው። የተጫዋቹ ደሞዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ከከተማው በጀት ነው፤ የከተማው በጀት ደግሞ ከባለሱቁ፣ ከባለባጃጁ፣ ከእህል ነጋዴው ግብር የተሰበሰበ ነው።

በግለሰብ ሀብት በመደገፍ ጎልቶ የሚጠቀሰው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሼህ ሙሐመድ ሑሴን አላሙዲ ለብዙ ዓመታት የክለቡ ዋና ደጋፊ ሆነው ኖረዋል። በወልዲያም በስማቸው የሚጠራ ስታዲየም አስገንብተው በጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ውለታ ነው፤ ውለታን መካድ ከእኛ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ሼሁ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተይዘው እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለቀቁ ሲቆዩ፣ ማንኛውም አስተዋይ ሰው አንድ ነገር ይማራል፦ አንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት፣ ምሰሶው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ባለቤቶቹን በሰላም አያስተኛም። ለጋሹን እያመሰገኑ ሌላ ምሰሶ ማቆም ብልህነት ነው።

የመገንጠል ወሬም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ተለይተው የራሳቸውን ውድድር ለማካሄድ አስበው ነበር። በየስታዲየሙ ይነሣ የነበረው ሁከትና የጉዞ ወጪው ከብዷቸው ነው። ምክንያቱ እንደ አውሮፓውያኑ ስስት ብቻ አልነበረም፣ እውነተኛ ሥጋትም ነበረበት። ሊጉ ግን አልተከፈለም፤ ክለቦቹ ራሳቸው ባለድርሻ የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ተቋቁሞ በአንድነት ቀጠለ። ያኔ ሊጉ ተከፍሎ ቢሆን ማን ይጎዳ ነበር? መልሱን ጅማ ትናገር። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ከታችኛው ሊግ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ገና በመጀመሪያ ተሳትፎው ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሰሉ ነባሮችን ቀድሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወረደ። በሩ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ የጅማ ሕዝብ ያን ደስታ ከየት ያገኘው ነበር? የነገው ሮቤ ወይም የነገው ጎባስ በየት ይገባ ነበር?

አፍሪካም የራሷን ሱፐር ሊግ ሞክራለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አሩሻ ላይ 24 ክለቦች የሚሳተፉበት፣ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚታደልበት ውድድር አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 «የአፍሪካ ፉትቦል ሊግ» በሚል ስም ሲጀመር ግን የተገኙት 8 ክለቦች ብቻ ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስም አሸነፈ። ከእኛ አገር አንድም ክለብ አልነበረበትም።

ከአክሲዮን ማኅበሩ መቋቋም በኋላ ገንዘብ ወደ እኛም ሊግ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ለአምስት ዓመት እንዲተላለፉ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ተፈረመ። ይህ ለክለቦቹ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ውድድሩ ካሜራ በሚመቻቸው ጥቂት ስታዲየሞች መካሄድ ጀመረ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተዟዟረ ተካሄደ። ሜዳው ያልተመረጠለት ከተማ ደጋፊ በግብሩ የሚያኖረውን ቡድን ከቴሌቪዥን መስኮት ያይ ጀመር። ያለ ክፋት፣ ቀስ በቀስ፣ ሰው ከሚዛኑ የሚርቀው እንዲህ ነው።

ከሁሉ በላይ እኛን ቤተሰቦችን የሚነካው ደግሞ አለ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት «ቤትኪንግ» የተባለ የውርርድ ድርጅት ስም ተሸክሞ ነበር። በእንግሊዝም ቢሆን በርካታ ክለቦች በማልያቸው ደረት ላይ የቁማር ድርጅት ስም ጽፈው ኖረዋል። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ከእ.ኤ.አ. 2025/26 የውድድር ዘመን መጨረሻ በኋላ ከደረት ላይ ሊያነሡት የተስማሙት በ2023 ነው። ያንን ማልያ የለበሰ ልጅ በመስጊዳችን ሶፍ ውስጥ ከጎናችሁ ቆሞ አላያችሁምን? መይሲር በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ እንደተከለከለ ልጁ ያውቃል። ግን ማንም ተቀምጦ «ይህ ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ባለሀብቱን «ክለባችንን ሸጠብን» የሚል ወጣት፣ ቤቲንግ ቆርጦ ሲወጣ ራሱ ጨዋታውን እየሸጠው መሆኑን ማን ይንገረው? የገዛ ቡድኑ እንዲሸነፍ ዱዓ የሚያደርግ ደጋፊ የሚፈጠረው እዚያ ውርርድ ቤት ውስጥ ነው።

ወደ ሮቤ ልመለስ። ከዚያ ረመዷን በኋላ የእህቴ ልጅ ጎረመሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎባ መንገድ ላይ በብርዱ እየሮጠ ያደገ፣ ጥሩ አማካይ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው፣ ከባሌ ውጭ የሚገኝ አንድ የከተማ ቡድን አስፈረመው። እናቱ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ሰጥታ፣ ሐጂ መርቀው ሸኙት። በአምስተኛው ወር ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ተመለሰ። የሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈለውም ነበር። እኔም ወሬውን ሰምቼ ሮቤ ሄድኩ።

እንደዚያ ሌሊት ሦስታችን ተቀመጥን። ልጁ መናደድ ጀመረ፤ ስለ ቡድኑ ኃላፊዎች ያልተናገረው ነገር የለም። ማን መኪና እንደገዛ፣ ማን ቤት እንደሠራ ዘረዘረ። ሐጂ ዝም ብለው ሰሙትና፣

«ውሉ የት አለ?» አሉት።

«እነርሱ ዘንድ ነው ሐጂ። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

«ለአንተ ቅጂ አልሰጡህም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«በወር ስንት ሊከፍሉህ ነበር?»

«በቃል የነገሩኝና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ይሁን አይሁን አላየሁም።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአርሴናልን ባለቤት ስም ከነአያቱ ታውቃለህ፤ የራስህን ውል ግን አላነበብክም። ልጄ፣ ሚዛኑ አጠገብ አልቆምክም።»

ልጁ አቀረቀረ። እኔም አብሬው አቀረቀርኩ። ለምን ብትሉ፣ ሲፈርም ስልክ ደውሎልኝ ነበር፤ «ማሻአላህ፣ አላህ ይርዳህ» ከማለት በቀር «ወረቀቱን ላከው፣ ልየው» አላልኩትም። የተማረ አጎት ጥቅሙ ምንድን ነው ታዲያ?

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ነገር አለ። ውል መጠየቅ፣ ሒሳብ መጠየቅ፣ ምስክር ማቆም ሰውን አለማመን ይመስለናል። ስለዚህ በይሉኝታ ዝም እንላለን። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ዝም ያልነውን ሁሉ በሐሜት እናወጣዋለን። ዲናችን ያዘዘን የዚህን ተቃራኒ ነው። በሰው ላይ መጥፎ መጠርጠርንና ሐሜትን ከልክሎናል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ደግሞ ብድር ሲኖር እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም አዞናል። ይህ ትእዛዝ የወረደው ለሌቦች ብቻ አይደለም፤ ለሚተማመኑ ሙእሚኖች ነው። መጻፍና መመስከር አማናን አያፈርስም፣ ያጸናዋል። ጥርጣሬ በልብ ሲቀመጥ ይመርዛል፤ በጥያቄ መልክ በአደባባይ ሲወጣ ግን መድኃኒት ይሆናል።

ደጋፊው ባለሀብቱን ወይም ኃላፊውን መጠርጠሩ ትክክል ነውን? መልሴ ይህ ነው፦ የማናውቀውን ሰው ሌባ ማለት ትክክል አይደለም። ሚዛኑ አጠገብ መቆም ግን መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ግዴታው የሚጀምረው ደግሞ ድምፃችን ከማይደርስበት ከለንደን ሳይሆን፣ ድምፃችን ከሚደርስበት ከቤታችን ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? የዚህ ዓምድ ልማድ ነውና ጥቂት ነጥቦችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልጁ ለክለብ የሚፈርም ወላጅ ውሉን ሳያነብ አይመርቅ። ልጁ ሲፈርም አንድ የሚያነብ ሰው ከጎኑ ይቁም፤ የውሉ ቅጂም ቤት ይቀመጥ። ደሞዝ ሲዘገይም ከሐሜት በፊት የጽሑፍ ማመልከቻ ይቅደም፤ ካልሆነም ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ አቤት ይባል።

ሁለተኛ፣ በከተማ በጀት የሚኖር ቡድን ባለበት ሁሉ ነዋሪው ይጠይቅ። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ለኳስ ስንት እንደተመደበ፣ ከዚያም ለታዳጊዎች ስንት እንደደረሰ መጠየቅ ነውር የለበትም። ከሩቅ የመጣ ተጫዋች ቢከበር ደስ ይለናል። ነገር ግን ጎባና ሮቤ መካከል ባሉት ሜዳዎች በባዶ እግሩ የሚሮጠው ልጅ ጫማ ሳያገኝ ገንዘቡ ካለቀ፣ ሚዛኑ ተዛብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ባለሀብት ወገኖቻችን ለቡድን ስትለግሱ፣ አላህ ይቀበላችሁ፣ ከስማችሁ በላይ የሚቆይ ነገር ስጡ። ሜዳ፣ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በአደባባይ የሚነበብ ፈንድ ይሁን። አባቶቻችን ወቅፍ ሲያቆሙ የሚያስተዳድረውን ሰው ለይተው፣ የሚውልበትንም ጽፈው ነው፤ ሰጪው ቢሞትም ቢቸገርም እንዳይቋረጥ።

አራተኛ፣ የውርርዱን ነገር በቁጣ ሳይሆን በምክር እንያዘው። ልጁን «ትናንት ስንት ቆረጥክ?» ብሎ በዝግታ የሚጠይቅ አባት፣ ትኬቱን ቀድዶ ከሚጮኸው አባት ይልቅ ይሰማል።

የእህቴ ልጅስ? ሐጂ በነጋታው አስነሡት። ማመልከቻ ጻፍን። እርሱና እንደ እርሱ ያልተከፈላቸው ጓደኞቹ አብረው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ የሁለት ወሩ ተከፈላቸው፤ የአንዱ ወር ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ቀርቷል። የውሉንም ቅጂ ተቀብሎ መጥቷል። አሁን ሮቤ ሆኖ ከዐስር በኋላ የሰፈር ልጆችን ያሠለጥናል። ወላጆች በየወሩ ጥቂት ብር ያዋጣሉ። የገባውና የወጣው በአንድ ደብተር ይጻፋል፤ ወሩ ሲያልቅ ለወላጆቹ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ደብተሩን የሚይዙት ሐጂ ናቸው። አርሴናልን ዛሬም ይወዳል፤ እኔም አልከለከልኩትም።

በቅርቡ ስንገናኝ፣ «አጎቴ፣ አንድ ነጋዴ ለልጆቹ ሙሉ ማልያ ልግዛ ብሎናል» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን አልከው?»

ሳቅ አለና፣ «‹ጀዛከላህ፣ ስንት ማልያ፣ በስንት ብር እንደሆነ ደብተሩ ላይ ይጻፍልን› አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። እንዲያውም ሐጂ አጠገብ ተቀምጦ ራሱ ጻፈው» አለኝ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።